ስማቸውን የጠራሁበት እሁድ

የባለቤቴን አባት ስም በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቻለሁ። የማጫውታችሁ ያን ቀን ነው። ስሙን እዚህም ላይ አልጽፈውም፤ ለምን እንደማልጽፈው እያደር ይገባችኋል። እስከዚያው ቤት ውስጥ እንደምጠራቸው «አባ» እያልኩ ልቀጥል።

እኔ የዱራሜ ልጅ ነኝ። ሆሳዕና የመጣሁት ባዮሎጂ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። መጣሁ፣ ኤልያስ የሚባል የግብርና ባለሙያ አገኘሁ፣ ቀረሁ። ኤልያስ የሆመቾ አካባቢ ልጅ፣ ሀድያ ነው፤ እኔ ከምባታ ነኝ። ሃይማኖታችን አንድ፣ ቆጯችን አንድ፣ ቋንቋችን ግን ለየብቻ ነው። ለሰርጌ ስዘጋጅ እናቴ የመከረችኝ ምክር ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለ ነው፤ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። እኛ ባሊሻ እንለዋለን። የድሮዎቹ ስሙን ብቻ ሳይሆን እንደ ስሙ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተው በሌላ ቃል ይተኩ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የከተማ ሙሽሮች ትተውታል፤ ጓደኞቼም «አንቺ የተማርሽ ሰው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የያዝኩት።

በዚህ የተነሳ ከአባ ጋር የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ሀድይኛ ደህና አድርጌ እሰማለሁ፤ ግን በሀድይኛ ሳወራ የትኛው ቃል ከስማቸው ጋር እንደሚነካካ እያሰብኩ አንደበቴ ይያዛል። አማርኛ የሁለታችንም የእናት ቋንቋ ስላልሆነ ለሁለታችንም ይመቸን ነበር።

አባ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በድንበር የተጣላ፣ በጋብቻ የተቀያየመ ሁሉ ወደሳቸው ነው የሚመጣው። እንሰት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ሲሰሙ ውለው መጨረሻ ላይ ጥቂት ቃል ይናገራሉ፤ ያ ቃል አይታጠፍም። መከበሪያቸውም መከራቸውም ይኸው ነው።

ከመጨረሻ ልጃቸው ከዳዊት ጋር ያጣላቸው አንድ ካባ ነው። ዳዊት ልጅ ሳለ ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ መዝሙርና ኳስ። አባ አንደኛውን ይባርካሉ፣ ሌላኛውን እንዳላዩ ያልፋሉ። ታዲያ አንድ እሁድ የመዘምራኑ በዓል ሆነና ከየአጥቢያው እንግዳ ተጠራ። በዚያው እሁድ የመንደሩ ቡድን ግጥሚያ ነበረው። ዳዊት ለሁለቱም ልድረስ ብሎ ማሊያውን ከመዘምራን ካባው ሥር ለበሰ። መዝሙሩን ደህና አድርጎ ዘመረ፤ ስብከቱ ሲጀመር በኋላ በር ሾልኮ ወጣና ካባውን ሜዳው ዳር አጥር ላይ ሰቅሎ ገባ። ምእመኑ ወደየቤቱ የሚመለሰው በሜዳው አጠገብ ነው። ነጩን ካባ አጥሩ ላይ ንፋስ ሲያወዛውዘው ያላየ አልነበረም። ከፊሉ ሳቀ፤ ከፊሉ ዞሮ አባን አየ።

አባ ካባውን አወረዱ፣ አጣጠፉና በክንዳቸው ይዘውት ቤት ገቡ። ማታ እራት ላይ የተናገሩት ግን ሆሳዕና ድረስ ተሰማ። «ልብሱ ቤቴ ገብቷል፤ የለበሰው አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ፊት ‹ልጅህ› የሚለኝ አይኑር» አሉ።

ቁጣ ነው፣ ይበርዳል ተባለ። አልበረደም። ዳዊት ወደ ከተማው ቡድን ገብቶ እኛ ቤት መኖር ሲጀምር ሽማግሌዎች ተላኩ፤ አባ «የሰው ጉዳይ የሚያይ ሰው የራሱን ቃል ካጠፈ ነገ ማን ይሰማዋል?» ብለው መለሷቸው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ይህን የተረተ ሰው ልጅ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ እንጃ። የእነኤልያስ እናት ባረፈች ጊዜ አባትና ልጅ አንድ ድንኳን ውስጥ ከረሙ፤ ሲጨባበጡ አየሁ፣ ሲነጋገሩ ግን አላየሁም። ከዚያ በኋላ አባ ሆሳዕና በመጡ ቁጥር ዳዊት ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ጓደኛው ዘንድ ያድራል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። በመካከል አንሶላ የምቀይረው እኔ ነኝ። ዳዊትን እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው፤ አባንም እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ሳላይ አባ እንዳይሞቱብኝ እፈራ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ እሁድ ልምጣ።

አባ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ስለነበር ቅዳሜ ዕለት ሆስፒታል ወስደን አንደኛው ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በፋሻ ታሸገ። ያልተነካው ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያይም። ነርሷ ስትሸኘን «ሰኞ ጠዋት እንፈታዋለን። እስከዚያ እንዳይጎነበሱ፣ ከባድ እንዳያነሱ፣ እንዳይደነግጡ» አለችኝ። በማግስቱ ደግሞ ቡድናችን ለመጀመሪያ ጊዜ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ ሊጫወት ነው፤ ሀዋሳ ላይ። ዳዊት ተከላካይ ነው፣ ቋሚ ተሰላፊ። ኤልያስ ከደጋፊው ጋር በአውቶቡስ ሄደ። ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቴሌቪዥኑን ነገር... አንቺው እንደሚሆን አድርጊ» አለኝ። የወንዶች ነገር እንዲህ ነው፤ ከባዱን ለሴት ትተው ኳስ ይሄዳሉ።

አባ በዳዊት አልጋ ነው ያደሩት። ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላቸው «የዱራሜዋ» አሉኝ፤ ሲመቻቸው የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። «ይሄ ትራስ ምን ምን ይላል?»

«ቅባት ነው አባ።»

«የምን ቅባት?»

«የጡንቻ።»

ሌላ አልጠየቁም። ትራሱ ይቀየርልኝም አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ጭር አለ፤ ባጃጅ እንኳ አልነበረም። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ካፌ እስከ በረንዳው ሞልቷል። አባ ሳሎን ትልቁ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እኔ የተማሪ ወረቀት ይዤ የማርም መስዬ ሰዓት ሰዓቴን አያለሁ።

«ቴሌቪዥናችሁ ተበላሽቷል?» አሉ።

«ደህና ነው አባ።»

«ታዲያ ምነው ዛሬ ዝም አለ?»

«እንዲያርፉ ብዬ ነው።»

«ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን አላሰሩኝም» አሉ።

ከፈትኩት። ጨዋታው ከተጀመረ ቆይቷል። አባ ሰንበትን የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ እሁድ ኳስ መስማታቸው ከብዷቸው እንደሆነ ፊታቸውን አየሁ። ፋሻ የሸፈነው ፊት ብዙ አይናገርም። ጋዜጠኛው ግን ያለ ዕረፍት ይናገራል፤ ሳይቆይም የዳዊትን ስም ከነአባቱ ጠራ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል? ስሜን ይጠራል» አሉ አባ።

«ቡድኑ ውስጥ ሁለት ዳዊት አለ አባ። አንደኛው የማቴዎስ ነው። እንዳይምታታ በአባት ስም ነው የሚጠሯቸው። ደጋፊውም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔን ሳይጠይቁ» አሉ።

ጨዋታው ቀጠለ። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደህና ይጫወታል?»

«ማን አባ?»

«የማቴዎስ ልጅ።»

ሳቄን ዋጥኩት። «የማቴዎስ ልጅ ደህና ነው።»

«ሌላኛውስ?»

«ሌላኛው ተከላካይ ነው። ኳስ ከባላጋራ እግር ያስጥላል።»

«ማስጣልስ ከጥንትም ያውቅበታል» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። በዚያ አነጋገር ምሬት ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ልቤ ትንሽ ቀለል አለ።

ከዕረፍት በኋላ ገባብን። ካፌው ዝም አለ። አባ ብቻ «ስንት ቀረው?» ብለው ጠየቁ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን፣ በግርግር መሃል ኳሷ መረቡ ውስጥ ተገኘች፤ አንድ ለአንድ። ከወንበሬ ተነስቼ እንደነበር ያወቅሁት አባ «ተቀመጪ፣ እንዳልደነግጥ ተነግሮሽ ራስሽ ታስደነግጪኛለሽ» ሲሉኝ ነው። ፊሽካው ተነፋ።

«አለቀ?»

«አላለቀም አባ። እኩል ስለሆኑ ተጨማሪ ሰዓት ይጫወታሉ።»

«አለቀ ከተባለ በኋላ?»

«አዎ።»

«ሰባኪዎቻችንም እንዲህ ናቸው» አሉ።

ተጨማሪው ሰዓት በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ መብራት ጠፋ። ከየግቢው ወዮታ ተሰማ። ከካፌው ጄኔሬተር ሲነሳ ሰማሁ፤ እነሱ ተርፈዋል፣ እኛ ጨለምን። አባን ትቼ ካፌ አልሄድ፣ ይዣቸው አልሄድ። «እንግዲህ ይቅር» ብዬ ጠበቅሁ፤ አባም «ይቅር» እንዲሉ።

«ኤልያስ ስልክ የለውም?» አሉኝ።

ደወልኩ። አራት አምስቴ እምቢ ብሎ ገባልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ላሰማቸው ብል የስታዲየሙ ጩኸት ቃሉን ዋጠው፤ ስለዚህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ኤልያስ የሚለኝን እየተቀበልኩ ለአባ ማስተላለፍ ጀመርኩ። እኔ፣ ኳስ ብዙም የማይገባኝ፣ የኳስ ጋዜጠኛ ሆንኩ።

«መጡብን... አራት ቁጥር አስጣለ» አልኩ።

«አራት ቁጥር ማን ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ሰው በቁጥር አይጠራም። እኔ ላሜን እንኳ በስሟ ነው የምጠራት።»

አንባቢዎቼ፣ የነበርኩበትን ተረዱልኝ። ስማቸውን እንዳልጠራ ባህሉ ከልክሎኛል። «ልጅዎ» እንዳልል ራሳቸው ከልክለውኛል። በቁጥር እንዳልገላገል ይኸው ከለከሉኝ። አንድ ሰው ሦስት በር ተዘግቶበት በየት ይወጣል?

«ዳዊት ነው» አልኩ።

«የትኛው?»

«የማቴዎስ ያልሆነው።»

ከፋሻው በታች ከንፈራቸው ሲፈታ አየሁ። «እሺ፣ ቀጥዪ» አሉ።

እንዲህ እያልን ሄድን። የማቴዎስ ያልሆነው በጭንቅላቱ አወጣ። የማቴዎስ ያልሆነው ወደቀ፤ ተነሳ። ሲወድቅ አባ የወንበሩን ክንድ ይዘው «ተነሳ?» አሉ፤ «ተነሳ» ስላቸው እጃቸውን ለቀቁት። ቤቱ እየደበዘዘ ነበር፤ ሻማ ማብራቱንም ረሳሁት። ያን ሰዓት ዋንጫው ተረስቶኝ ነበር። አባ ስለ ልጃቸው እየጠየቁኝ ነበር፣ እኔም እየነገርኳቸው ነበር፤ ይህ በቤታችን ሆኖ አያውቅም። ጨዋታው ባያልቅ በወደድኩ።

ግን ሊያልቅ ነው። ኤልያስ «ቀረብን፣ ወደ መለያ ምት ልንሄድ ነው» አለኝ። እሱን ለአባ ሳስተላልፍ ስልኩ ውስጥ የሕዝብ ድምፅ ተቀየረ። ኤልያስ «ኧረ! ኧረ ገባብን! ለበረኛው ሲያቀብል አጠረችበት... ዳዊት... ዳዊት እኮ...» አለና ስልኩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። አልገባም። እንደገና ደወልኩ። አልገባም።

«ምን ሆነ?» አሉ አባ።

«ገባብን። ለበረኛ የተመለሰች ኳስ አጥራ ባላጋራ ቀደመ።»

«ማን ነው ያሳጠራት?»

«ዳዊት አለኝ፣ ከዚያ ተቋረጠ።»

«የትኛው ዳዊት?»

ኤልያስ በዚያ ድምፅ ስለ ማቴዎስ ልጅ እንደማያወራ ልቤ ያውቃል። «አልሰማሁም አባ» አልኩ፤ እውነትም አልሰማሁም። ከካፌው ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲወጣና ሲጮህ ተሰማ። መስኮቱን ለአባ ዓይን አቧራ ፈርቼ ዘግቼዋለሁ፤ ጄኔሬተሩም ያጓራል፤ ጩኸቱ እንጂ ቃሉ አይለይም።

«ሂጂ ጠይቂ» አሉኝ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ወጣቶች ተበትነዋል፤ ጨዋታው አልቋል፣ ተሸንፈናል። አንዱ የቡድኑን ስካርፍ በእጁ ጠቅልሎ መሬት ይደበድብበታል። «ማን ነው ያበላሸው?» አልኩት። ማንነቴን አያውቅም። የአባን ስም ጠራ። የዳዊትን አልጠራም፤ የአባቱን ስም ብቻ፣ ደጋፊው እንደለመደው። «እሱ ነው ያስበላን! ዋንጫውን በእጁ ሰጣቸው! እሱን ብሎ ተጫዋች!» አለ። ከኋላው ሌሎቹም ያንኑ ስም እየጠሩ የማይጻፍ ነገር ይጨምሩበታል። በሆመቾ ሰው ሲሰማው የሚነሳለትን ስም ያን ቀን እንደዚያ ሲጎትቱት ሰማሁ።

ተመለስኩ። አባ እንደተውኳቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ምን አሉ?»

«ተናደዋል አባ። ተሸንፈናል።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

«የማቴዎስ ያልሆነው ነው» አልኩ። ለቀልዱ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ሌላ ቃል ግን አልነበረኝም።

አባ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ነገር ሲሰሙ እንደዚያ ያደርጋሉ። «የዱራሜዋ» አሉኝ፣ በቀስታ፣ «ሽማግሌ ፊት የቀረበ ምስክር የሰማውን እንዳለ ይናገራል። አይቀንስም፣ አይጨምርም፣ አያለሰልስም። አሁን የሰማሽውን እንዳለ ንገሪኝ።»

ቆምኩ። ፈራሁ ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል፤ ዲግሪ ያላት ሴት አንድ ስም ትፈራለች? ፈራሁ። ከሰርጌ ቀን ጀምሮ በምላሴ ያላሳለፍኩት ስም ነው። የማሳልፈው ደግሞ ተሰድቦ ነው። ግን ምስክር ብለውኛል።

«እንዲህ አሉ» አልኩና ስማቸውን ጠራሁ። «እሱ ነው ያስበላን፣ ዋንጫውን በእጁ ሰጣቸው፣ እሱን ብሎ ተጫዋች። እንዲህ ነው ያሉት አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ስሜን ጠራሽ» አሉ።

«ጠራሁ።»

«አጠራርሽ ከእነሱ ይሻላል።» ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። «አሁንም እየጠሩኝ ነው?»

«አዎ አባ።»

«ሰው ሲጠራ አቤት ይላል። አንሺኝ።»

ነርሷን አስታወስኳቸው፣ አቧራውን አስታወስኳቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው ተነስተው ነበር። ክንዳቸውን ይዤ በረንዳውን አወረድኳቸው፣ ግቢውን አሻገርኳቸው። የውጭውን በር ስከፍት ጩኸቱ ፊታችን ላይ መጣ፤ ያው ስም፣ ያው ስድብ። አባ ደፉ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ሳያነሱ «አቤት» አሉ።

ማንም አልሰማቸውም። ደገሙት። «አቤት።»

ባለ ስካርፉ ልጅ ዞረ። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ ነጠላ ደርበው ቆመዋል። «ምን ፈለጉ አባት?» አለ።

«እኔ ምንም አልፈለግሁም። የጠራችሁኝ እናንተ ናችሁ» አሉና ስማቸውን በሙሉ ተናገሩ። «ኳሱን ያሳጠረው ልጄ ነው። በእሱ ላይ ያላችሁን ለእኔ ንገሩኝ። እሰማለሁ።»

ልጄ ነው አሉ። እኔ ክንዳቸውን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰማሁ።

ጩኸቱ ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄደ። ከኋላ ያሉት ለምን ዝም እንደተባለ ሳያውቁ ዝም አሉ። ባለ ስካርፉ ልጅ ስካርፉን ኪሱ ውስጥ ሸጎጠ፣ መጥቶ የአባን ትከሻ ሳመ። «ይቅርታ አባት። አናዶን እኮ ነው።»

«ያናድዳል» አሉ አባ። «እኔም ተናድጄበት ነበር። ረዘመብኝ።»

ሌላ አልተናገሩም። ከልጆቹ አንዱ «እግዜር ይማርዎት» አለ፣ ሌላው ከመንገዱ ድንጋይ አነሳላቸው፣ ወደ ውስጥ መለስኳቸው።

ወንበራቸው ላይ እንዳስቀመጥኳቸው ስልኬ ጠራ፤ ኤልያስ ነው። ድምፁ ደክሟል። «ተጫዋቾቹ መውጫ ጋ ነኝ» አለኝ። «ዳዊት ማሊያውን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ ከማንም ጋር አይነጋገርም። አባ እንዳይሰሙ።»

«ስጪኝ» አሉ አባ እጃቸውን ዘርግተው።

«ኤልያስ፣ ስልኩን ለዳዊት ስጠው» አልኩ።

«አልሰማሽኝም? አይናገርም አልኩሽ።»

«አይናገር። ያዳምጥ።»

ስልኩን የአባ ጆሮ ላይ አደረግሁት። ገልብጠው ያዙት፤ አቃናሁላቸው። ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ለእኔም ይሰማኛል። አባ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ስንት የተጣላ ሰው ያስታረቀ አንደበት ለራሳቸው ጠፋባቸው።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ካባህ ሣጥን ውስጥ ነው» አሉ። «አይጥ አልነካውም።»

ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። ወደ ማዕድ ቤት ገባሁና ሻማ ፈለግሁ፤ ሻማው ፊት ለፊቴ ነበር፣ ለማግኘት ግን ብዙ ቆየሁ።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ስንሄድ ዳዊት አብሮን ነበር፤ ከመኪናው እንደወረደ፣ ሳይተኛ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ። ነርሷ ፋሻውን ፈታች፣ አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። ፊታቸው የቆመውን ረጅም ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ጺም አብቅለሃል» አሉት። ነርሷ የሁለቱንም ፊት አይታ «አባት፣ እንባ አይፈቀድም፣ ዓይንዎን ይጎዳዋል» አለች። ሁለቱም አልሰሟትም።

ሆመቾ ስንሄድ ሣጥኑ ተከፈተ። ካባው ታጥቧል፣ ተጣጥፏል፣ በየማጠፊያው ቢጫ መስመር አውጥቷል። ዳዊት አጠለቀው፤ እጅጌው ክንዱ መሃል ቀረ። አባ በአዲሱ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩና «ዓይኔ ነው ወይስ ካባው አጥሯል?» አሉ። «ካባው ነው አባ» አለ ዳዊት። ያመለጣቸው ዘመን ስንት እንደሆነ ከዚያ እጅጌ በላይ የነገራቸው ያለ አይመስለኝም፤ መልሰው ሲያጣጥፉት እጃቸው ቀስ ይል ነበር።

ያች እሁድ እኔን ምን ለወጠችኝ? ልንገራችሁ። ቀድሞ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በመሃላቸው አንሶላ መቀየርን እንደ ትዕግሥት እቆጥረው ነበር። አንዱ ሲገባ ሌላውን በኋላ በር ማስወጣት ሰላም ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ የጨዋ ዝምታችሁ ጠቡን እየቀለበው እንዳይሆን እዩት። እኔ ያን ቀን ጀግና ሆኜ አልነበረም፤ የሰማሽውን እንዳለ ንገሪኝ ተባልኩ፣ ነገርኩ። አባ ደግሞ ቃላቸውን እንዲያጥፉ ያደረጋቸው የልጃቸው ማሸነፍ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልገረመኝ። ሲያሸንፍ ልጄ የሚል አይጠፋም። እሳቸው ግን ያሉት ከተማው ሁሉ በጠላው ሰዓት ነው።

ያን ሰሞን አባ «ከእንግዲህ ስሜን መጥራት ትችያለሽ፣ ፈቅጄልሻለሁ» አሉኝ። አመስግኜ ተውኩት። አንዴ ጠርቼዋለሁ፤ ተሰድቦ ነበር የጠራሁት፣ እሳቸው ግን ወጥተው ንጹሕ አደረጉት። ደግሜ በከንቱ ላነሳው አልፈልግም። እዚህም ያልጻፍኩላችሁ ለዚህ ነው።

አባ ዛሬ ኳስ ያያሉ። እሁድ አይሆንም፣ ያንን አላጠፉም፤ ጨዋታው ቅዳሜ ወይም በሥራ ቀን ከዋለ ግን ሆሳዕና መጥተው ከእኔ ጋር ስታዲየም ይገባሉ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ዳዊት ኳስ ሲያስጥል ሕዝቡ እየተነሳ ስማቸውን ይጠራል። ዳዊት ሲሳሳትም ሕዝቡ ያንኑ ስም ይጠራል። አባ ለሁለቱም፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «አቤት» ይላሉ።